ሳራስዋቲ፦ መጽሐፍ የማይገለጥበት ቀን



በሕንዷ ኮልካታ ከተማ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን ተማሪ እንዳያጠና ይከለከላል። ፈተና ደጃፍ ላይ ቢደርስም መጽሐፍ አይገለጥም። ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ ሙዚቃ የሚማር ከሆነም መሣሪያው፣ ነጭ ለብሳ ነጭ አበባ ላይ ከተቀመጠች የሸክላ ምስል እግር ሥር ይደረደራል። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ይቆይና፣ በእፍኙ አበባ ይዞ ካህኑ የሚሉትን እየተከተለ ይደግማል፤ አበባውንም ወደ ምስሏ ይበትናል። የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። በሒሳብ የሚደክም ልጅ የሒሳብ መጽሐፉን ከሁሉ አስጠግቶ ያስቀምጣል እየተባለ ይቀለዳል።

ምስሏ የሳራስዋቲ ናት። የሂንዱ እምነት ተከታዮች የዕውቀት፣ የንግግርና የሙዚቃ እንስት አምላክ ብለው ያከብሯታል። እዚህ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን በአንድ አምላክ የምናምን ስለሆንን አማልክት ሲባል ጆሯችንን እንደሚቆረቁረን አውቃለሁ። ማንንም ላሳምን አልመጣሁም። ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ሂንዱዎች ለትምህርት ያላቸውን ክብር በምን መልክ እንደቀረጹት ለማየት ግን አንድ ምሽት ቢወጣበት አይበዛም።

እስቲ ምስሏን እንያት። አራት እጅ አላት። በሁለቱ ቪና የሚባለውን ረጅም አንገት ያለው ባለ ክር መሣሪያ ትደረድራለች፤ በሦስተኛው መጽሐፍ፣ በአራተኛው መቁጠሪያ ይዛለች። አንዳንድ ቦታ ትንሽ የውኃ ማሰሮም ትይዛለች። ልብሷ ነጭ፣ መቀመጫዋ ነጭ የሎተስ አበባ ነው፤ አጠገቧ ሐንሳ የሚሉት ነጭ ወፍ ወይም ጣዎስ ይቆማል። የሀብት አምላክ የሆነችው ላክሽሚ ከእጇ የወርቅ ሳንቲም ሲዘንብ ትሣላለች፤ የሳራስዋቲ ጌጥ ግን ጥቂት ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሁለቱ አንድ ጣራ ሥር አይስማሙም ይላል፤ ዕውቀት ከገባበት ቤት ገንዘብ ይሸሻል ለማለት ነው። (የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።)

በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ የተለመደ ማብራሪያ አለ። አራቱ እጆች አእምሮን፣ ማስተዋልን፣ ንቃትንና እኔነትን ያሳያሉ፤ ነጩ ንጽሕና ነው፤ መቁጠሪያው ጸሎትና ተመስጦ ነው፤ እያለ ይቀጥላል። ስሕተት ነው አልልም፤ ምእመናኑ ራሳቸው የሚናገሩት ነው። ችግሩ፣ አንድ ሊቅ አንድ ቀን ጠዋት ተቀምጦ ምስሉን ከነሙሉ ፍቺው የነደፈው ማስመሰሉ ላይ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እጇ ላይ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ የደረሳት በየራሱ ዘመን ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እጅም አልነበራት። ወንዝ ነበረች።

ከሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥንታዊው ሪግቬዳ ነው። ምሁራን የተደረሰበትን ዘመን በአብዛኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 እና በ1000 መካከል ይገምቱታል። ለረጅም ዘመን ሳይጻፍ፣ በቃል ተይዞ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። በዚያ ውስጥ ሳራስዋቲ ከተራራ ወርዳ እስከ ባሕር የምትዘልቅ፣ ሙላቷ የሚያስፈራ፣ መሬቱን የምታጠግብ ታላቅ ወንዝ ናት። መሥዋዕቱ የሚቀርበው በዳርቻዋ ነበር፤ መዝሙሩ የሚዜመውም እዚያው። ከሪግቬዳ በኋላ በተደረሱት ብራህማና በሚባሉት ድርሳናት ደግሞ ወንዟና ቫክ የምትባለው የንግግር አምላክ አንድ ሆነው ቀሩ።

ለምን አንድ ሆኑ? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ጽሕፈት በሌለበት ዘመን ዕውቀት ማለት ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ የሚፈስ ድምፅ ነው። አንድ ትውልድ ሳያስተላልፈው ከቀረ ይደርቃል፤ በሌላ በኩል ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ ላለው ዕውቀት ከወንዝ የቀረበ መልክ አይገኝለትም። ስለ ሳራስዋቲ ከሚባለው ሁሉ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ እንዲሆን እወዳለሁ፦ መጽሐፉም፣ ሙዚቃውም፣ ወፉም የተጨመሩት በውኃ ላይ ነው፤ ውኃው ደግሞ ዛሬም ከአምልኮዋ አልጠፋም።

ወንዟ ራሷ ግን ጠፍታለች። ኋላ የተጻፉት መጻሕፍት በረሃ ውስጥ ገብታ እንደተሰወረች ይናገራሉ። ብዙ ተመራማሪዎች በሕንድ ጋጋር፣ በፓኪስታን ሃክራ ከሚባለው፣ በክረምት ዝናብ ብቻ ከሚሞላው ወንዝ ጋር ያያይዟታል፤ የማይስማሙም አሉ። ክርክሩ ፖለቲካም ገብቶበታል፤ የሃሪያና ክፍለ ግዛት መንግሥት ወንዟን ለማስመለስ የሚሠራ ቦርድ እስከማቋቋም ደርሷል። ምእመኑ ግን ጠፋች አይልም፤ ከመሬት በታች ገባች ነው የሚለው። ፕራያግራጅ፣ በቀድሞ ስሟ አላሃባድ፣ ጋንጀስና ያሙና የሚገናኙባት ከተማ ናት። ዓይን የሚያየው ሁለት ወንዝ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቦታውን የሦስት ወንዞች መገናኛ ይለዋል። ሦስተኛዋ፣ የማትታየዋ፣ ሳራስዋቲ ናት። በየ12 ዓመቱ በታላቁ የኩምብ በዓል በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እዚያ ውኃ ውስጥ የሚነከረው በሦስቱም እታጠባለሁ ብሎ ነው።

መጽሐፉስ መቼ እጇ ገባ? ለዚህ አንድ ድንጋይ ላሳያችሁ። በሰሜን ሕንድ፣ በማቱራ ከተማ፣ ካንካሊ ቲላ ከሚባል የፍርስራሽ ጉብታ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተቆፍሮ የወጣ ሐውልት አለ፤ ዛሬ ላክናው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጭንቅላቱ ተሰብሮ ጠፍቷል። ሴትዮዋ ጉልበቷን አጥፋ ቁጢጥ ብላለች፤ ግራና ቀኟ ሁለት ትናንሽ ሰዎች ቆመዋል። እጇ ሁለት ብቻ ነው፤ በግራዋ መጽሐፍ ይዛለች። ቪና የላትም፤ ወፍም የላትም። ከግርጌው ከተቀረጸው ጽሑፍ ተነሥተው ብዙ ምሁራን ሐውልቱን እ.ኤ.አ. በ132 የተሠራ ነው ይሉታል፤ ከታወቁት የሳራስዋቲ ምስሎች እጅግ ጥንታዊው ነው።

ጽሑፉ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ሐውልቱ የሂንዱዎች አይደለም፤ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ነው። እነሱም እስከ ዛሬ ያከብሯታል። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል፦ ሐውልቱን ያሠራው ንጉሥ ወይም ሊቅ አይደለም፤ ጎቫ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከማንም አስቀድሞ ለዕውቀት አምላክ ከኪሱ ከፍሎ ስሙን ያስቀረልን ሰው እጁ ከከሰል የማይለይ ባለሙያ መሆኑን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጽሐፉም እኛ የለመድነው ዓይነት ጥራዝ አይደለም። በዚያ ዘመን የሕንድ መጽሐፍ ረጃጅም የዘንባባ ቅጠሎች ናቸው፤ መሐላቸው ተበስቶ ገመድ ይገባባቸዋል፣ ከላይና ከታች በእንጨት ይታፈናሉ። ዝናብና ምስጥ ስለሚበላቸው በየዘመኑ አዲስ መገልበጥ ግድ ነበር። ቪናው ዘግይቶ መጣ፤ ዛሬ በየሥዕሉ የምናየው ቅርጽ፣ በስሟ የሳራስዋቲ ቪና የሚባለው፣ በደቡብ ሕንድ በታንጃቩር ከተማ በ17ኛው መቶ ዓመት መልኩን የያዘ ነው። ሠሪዎቹ የጃክፍሩት ዛፍ ግንድ ይፈለፍሉለታል። ሐንሳ የሚሉት ወፍ በሥዕል ስዋን ይመስላል፤ በሕንድ ሰማይ ሲበር የሚታየው ግን በየዓመቱ ሂማላያን ተሻግሮ የሚወርደው ዝይ ነው። ወተትና ውኃ ቀላቅለው ቢሰጡት ወተቱን ለይቶ ይጠጣል ይባልለታል፤ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት የተማረ ሰው ሥራ ነው ለማለት። ወፉ ራሱ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ችሎታው ግን ለፈተና አራሚ ሁሉ የሚመኙት ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሥዕል ላይ ያሰባሰበልን ራጃ ራቪ ቫርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በዛሬዋ ኬረላ የተወለደ፣ የአውሮፓን የዘይት ቀለም አሣሣል የተካነ ሠዓሊ ነበር። በ1896 ሳራስዋቲን ሣላት። ሥዕሉ ላይ እንደ ማንኛዋም የተከበረች የሕንድ ወይዘሮ ነጭ ሳሪ ለብሳ ውኃ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአራቱ እጆቿ ሌላ ሰው አይደለችም የሚያሰኝ ነገር የላትም። ያኔ ሠዓሊው ማተሚያ ቤት ካቋቋመ ሁለት ዓመቱ ነበር። ምስሉ በርካሽ ወረቀት እየታተመ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሱቅና መኖሪያ ቤት ገባ። ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ሳይቀሩ አምላካቸውን በሳንቲም ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ። ዛሬ በየደብተሩ ሽፋን የምናየው መልክ ከዚያ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ በዓሏ እንሂድ። ቫሳንት ፓንቻሚ ይባላል፤ የጸደይ አምስተኛ ቀን ማለት ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር በእኛ አቆጣጠር አንዳንዴ ጥር አጋማሽ፣ አንዳንዴ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይውላል። በሰሜን ሕንድ የሰናፍጭ እርሻው አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ የሚሆንበት ወቅት ነው። ሰዉም ቢጫ ይለብሳል፣ ሩዙንም ቢጫ አድርጎ ይሠራል።

ቤንጋል ላይ በዓሉ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት፣ ኩማርቱሊ በሚባለው የኮልካታ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ሸክላ የሚሠራባቸው ቤቶች ናቸው። መጀመሪያ ቀርከሃና ጭድ በገመድ ታስሮ የሰው ቅርጽ ይይዛል። ከሁግሊ ወንዝ የመጣ ጭቃ ይለሰንበታል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና እንደገና ይለሰናል፤ ከዚያ ነጭ ቀለም፣ ልብስ፣ ጸጉር ይመጣል። የመጨረሻው ሥራ ዓይን ነው። በበዓሉ ዋዜማ ተማሪዎች በጋሪና በጭነት ብስክሌት እየመጡ፣ ዋጋ እየተከራከሩ፣ አቅማቸው የፈቀደውን ምስል ተሸክመው ይሄዳሉ። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ የሰፈር ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት መዋጮ ነው፤ አልሰጥም ያለ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይለቀቅም።

በበዓሉ ጠዋት ካህኑ ወይም የቤቱ ሽማግሌ ገና ፊደል ያልጀመረ ሕፃን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይቀርባል። እጁን ይዘው የቤንጋሊ ፊደል የመጀመሪያዎቹን ያስጽፉታል። ልጁ ያለቅሳል፣ ጠመኔውን ሊበላ ይሞክራል፣ እናትና አባት ፎቶ ያነሳሉ። ምስሏ ፊት የሸክላ ቀለም መያዣ ተቀምጧል፤ በውስጡ የመቃ ብዕር ተተክሏል። መያዣውን የሞላው ግን ቀለም አይደለም፤ ወተት ነው። ሌላም ደንብ አለ። ኩል የሚሉት ፍሬ፣ የእኛው ቁርቁራ የቅርብ ዘመድ፣ ልክ በዚህ ሰሞን ይበስላል። ከበዓሉ በፊት የቀመሰ ተማሪ ፈተና ይወድቃል ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ዛፉን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ቀኑ ሌላ ጠባይም አለው። በዓመት አንዴ የሴቶች ትምህርት ቤት በር ለወንዶች ልጆች የሚከፈትበት ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ የእናታቸውን ሳሪ፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለብሰው ይወጣሉ። ቤንጋሎች በቀልድ የእኛ የፍቅረኞች ቀን ይሉታል። ከጸሎቱ ይልቅ ይህን የሚያስታውሱ አዋቂዎች አጋጥመውኛል፤ አልፈርድባቸውም። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ምስሏ በጭፈራ ታጅባ ትወጣና ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ጭቃው ወደ ውኃው ይመለሳል። ከጭቃው ጋር የሚገባው የፋብሪካ ቀለም ግን ውኃውን ስለሚመርዝ የሕንድ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መመሪያ አውጥቶበታል።

ደቡብ ሕንድ ላይ ጊዜውም አደራረጉም ይለያል። ኬረላ ውስጥ ፊደል የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ የዘጠኙ ሌሊቶች በዓል ሲያልቅ በሚመጣው ቀን ነው። መጻሕፍት ለቀናት ተከማችተው ሳይነኩ ይቆያሉ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሕፃኑ አዋቂ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ በወርቅ ቀለበት ጫፍ ምላሱ ላይ ፊደል ይጻፍለታል፤ ከዚያ ጠቋሚ ጣቱ ተይዞ ሰሐን ላይ በተነጠፈ ሩዝ ይጽፋል። ቲሩር ውስጥ፣ የማላያላም ቋንቋ አባት በሚባለው በ16ኛው መቶ ዓመት ገጣሚ በኤዙታቻን መታሰቢያ ግቢ፣ ጭናቸውን የሚያውሱት ደራስያን ናቸው። የጋዜጣ ድርጅቶችም በቢሯቸው ያዘጋጃሉ። ክርስቲያንና ሙስሊም ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትም በራሳቸው ጸሎት ያከናውኑታል።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች የአልጀብራ መምህራችሁን ታስታውሱ ይሆናል፤ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ሩዝ ላይ የጻፉ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በዚያው በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱና በካርናታካ ደግሞ በዚሁ በዓል ከመጽሐፉ ጎን የሥራ መሣሪያ ይቀመጣል። አናጺው መጋዙን፣ ልብስ ሰፊዋ ሲንጀሯን፣ ሹፌሩ አውቶቡሱን አጥቦ የአበባ ጉንጉን ያለብሳል፤ በቤንጋሉሩ ከተማ ቢሮዎች ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ነጥብ ይደረግለታል። ጎቫን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ዕውቀት የመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚለው ሐሳብ በአሁኑ ዘመን ሰው የተፈለሰፈ ሳይሆን ብረት ቀጥቃጩ ገንዘቡን ሲያወጣ የነበረ ይመስለኛል።

ከሕንድ ውጭ በአጭሩ ልለፍ። ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር ጃፓን ገብታ ቤንዛይተን ተብላለች፤ የጃፓንን ክራር መሰል ቢዋ ይዛ፣ መቅደሷ በደሴትና በኩሬ ዳር ይሠራል። ካማኩራ ከተማ ሰዎች በዋሻዋ ውኃ ገንዘባቸውን ያጥባሉ፤ ይበዛልናል ብለው። ከላክሽሚ ጋር የነበረው ጥል እዚያ የተፈታ ይመስላል። ባሊ ደሴት ላይ በዓሏ በየ210 ቀኑ ይመጣል። ለጥንታዊ የዘንባባ ቅጠል መጻሕፍት መባ ይቀርባል፤ ማንበብና መጻፍ ይታገዳል፤ በማግስቱ ንጋት ሕዝቡ ወደ ባሕርና ወደ ምንጭ ወርዶ ይታጠባል። ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ የኢንዶኔዥያን ኤምባሲ ፊት ለፊት እንዲያዩ ንገሯቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ነጭና ወርቃማ ሳራስዋቲ ቆማለች፣ ከእግሯ ሥር ተማሪዎች አሉ። ያቆማት ከሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም የሆነ አገር ነው።

እስካሁን መልካም መልካሙን ነገርኳችሁ። የዕውቀት አምላክ ሴት በሆነችበት አገር ለብዙ ዘመን ሴት ልጅ ማንበብ አትማርም ነበር። የጥንቱ የሕግ መጻሕፍት ከዝቅተኛው መደብ የተወለደ ሰው ቬዳ የሚባሉት ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነበቡ እንዳይሰማ ከልክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1848 ሳቪትሪባይ ፉሌ የምትባል ሴት ከባሏ ከጆቲራኦ ጋር ፑኔ ከተማ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ስትከፍት መንገድ ላይ ድንጋይና እበት ይወረወርባት ነበር፤ ትምህርት ቤት ስትደርስ የምትቀይረው ሳሪ ይዛ ትወጣ እንደነበር ይነገራል። ከተገፉት መደቦች የተወለዱ የዛሬ ታጋዮች ይህን እያነሱ፣ በየክፍሉ የሚሰቀለው ሥዕል የሳራስዋቲ ሳይሆን በእርግጥ ያስተማረችን የሳቪትሪባይ ይሁን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱም ይሰቀሉ ብል ደግሞ አንዱ ወገን ድፍረት ነው፣ ሌላው መሸንገል ነው ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ በኮልካታ ሲቲ ኮሌጅ ማደሪያ የሚኖሩ ተማሪዎች ፑጃ የሚባለውን የአምልኮ ሥርዓቷን እዚያው እናድርግ አሉ። ኮሌጁን የሚያስተዳድረው ብራህሞ ሳማጅ፣ ለምስል መስገድን የማይቀበል የተሐድሶ ማኅበር ነበር። አስተዳደሩ ተቃወመ፤ ተማሪዎቹ እምቢ አሉ። የነጻነት ታጋዩ ሱባስ ቻንድራ ቦስ ከተማሪዎቹ ጎን፣ ገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር ከኮሌጁ ጎን ቆሙ፤ ብዙ ተማሪም ኮሌጁን ጥሎ ሄደ። ሁለቱም ቤንጋል የምትኮራባቸው ሰዎች ናቸው። በሰው ቤት የራስን ሥርዓት በግድ ማስገባት አይገባም ብዬ ስለማምን እኔ ከታጎር ጋር ነኝ፤ ወጣት ብሆን ግን ከየትኛው ወገን እንደምሰለፍ አልምልም።

ፑጃውን መምራት በልማድ የካህናቱ መደብ የሆኑት የብራህሚን ወንዶች ድርሻ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኮልካታ ውስጥ ሴቶች ካህናት መባውን ሲያቀርቡ፣ ጸሎቱን በሳንስክሪት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሚሰማው በቤንጋሊ ሲያብራሩ ይታያሉ። የሚደሰት አለ፤ የሚቆጣም አለ። ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ትቼዋለሁ።